ከተራዊህ መልስ፦ መልካም ሥራችን ለምን አንዳንዴ ያዘናጋናል?

የረመዳን ምሽት ነው። ተራዊህ ተሰግዶ ሰዉ ከመስጂድ እየወጣ ነው። ኢማሙ ዊትር ላይ ዱዓ ሲያደርጉ ድምፃቸው ሲሰበር ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ አልቅሷል። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ በሩ ላይ መኪናው የተዘጋበት አንድ ሰው የዘጋበትን ወጣት ሰው ፊት ይሰድበዋል። ወጣቱም ዝም አይልም፤ አጸፋውን ይመልሳል። ሁለቱም ከጥቂት ደቂቃ በፊት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙ ሰጋጆች ናቸው። ይህን ወይም ይህን የመሰለ ነገር አይቶ የማያውቅ አንባቢ ብዙ ያለ አይመስለንም። እኛም ከሁለቱ አንዱን የሆንበት ምሽት እንደነበረ አንክድም።

እንዲህ ያለውን ስናይ ቶሎ የሚመጣልን ፍርድ "ልቅሶው የታይታ ነበር" የሚል ነው። ሊሆን ይችላል፤ የልብን የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ነው። ነገር ግን ሌላ መልስም አለ፤ እኛን ይበልጥ የሚያስፈራን ይኸኛው ነው። ልቅሶው የእውነት ነበር። ሰውየው ከመስጂድ ሲወጣ በእርግጥም ልቡ ቀሎት ነበር። እግሩን ያዳለጠውም ያው "ዛሬስ ጥሩ ሠርቻለሁ" የሚለው ስሜት ነው።

ጥሩ ሰው እንደሆንን ሲሰማን፣ ወይም በተቃራኒው ጥፋታችን ሲቆጠቁጠን፣ ቀጥሎ በምንሠራው ላይ ምን ለውጥ ይመጣል? ጉዳዩ ለሙስሊም እንግዳ አይደለም። ዑለሞቻችን ዑጅብ፣ ማለትም ሰው በገዛ ሥራው መደነቁ፣ ከኪብር ጋር የተቆራኘ የልብ በሽታ እንደሆነ አስተምረዋል፤ ኢማም አል-ገዛሊም በ"ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን" ውስጥ ለሁለቱ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥተዋቸዋል። ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር በራሳቸው መንገድ፣ በሙከራ ሲፈትሹት ቆይተዋል።

የዘርፉ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው እ.ኤ.አ. በ2001 ቤንዋ ሞኒን እና ዴል ሚለር በአሜሪካ ያወጡት ጥናት ነው። ለተሳታፊዎቹ መጀመሪያ ሴቶችን በግልጽ የሚያናንቁ አባባሎች ቀረቡላቸው፤ እነሱም እንደማይስማሙ ተናገሩ። ከዚያ በተለምዶ የወንድ ተደርጎ የሚታሰብ አንድ የሥራ ቦታ ተገልጾላቸው ለቦታው ወንድ ይሻላል ወይስ ሴት ተብለው ተጠየቁ። ሴቶችን እንደማይንቁ አስቀድመው ያሳዩት ሰዎች፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ያን ዕድል ካላገኙት ይልቅ "ወንድ ይሻላል" ለማለት ደፈሩ። "እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አለመሆኔ ታውቋል" የሚለው ስሜት እንደ ይለፍ ወረቀት አገልግሏቸዋል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ዝንባሌ ለራስ ፈቃድ መስጠት ብለው ይጠሩታል።

በ2009 ሶንያ ሳችዴቫና ባልደረቦቿ ያወጡት ደግሞ ሚዛኑን በሁለቱም በኩል የፈተሸ ነው። አንዱ ቡድን ስለራሱ በመልካም ቃላት፣ ሌላው በመጥፎ ቃላት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም ባልሆኑ ተራ ቃላት አጭር ታሪክ እንዲጽፍ ተደረገ። ከዚያ እስከ 10 ዶላር ለበጎ አድራጎት ለመስጠት ፈቃደኛ እንደሆኑ ተጠየቁ። ራሳቸውን በመልካም ቃል የጻፉት በአማካይ 1 ዶላር ከ7 ሳንቲም፣ ተራ ቃላት የደረሳቸው 2 ዶላር ከ71 ሳንቲም፣ በመጥፎ ቃል የጻፉት 5 ዶላር ከ30 ሳንቲም ለመስጠት ተስማሙ። ራሱን ያመሰገነው እጁን ሰበሰበ፤ ራሱን የወቀሰው እጁን ዘረጋ።

ይህ ነገር ከአንዱ የሕይወታችን ክፍል ወደ ሌላው መሻገሩም ታይቷል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የውኃ ፍጆታቸው በየሳምንቱ ይነገራቸው ጀመር። ዘመቻው ሠርቷል፤ ውኃው በአማካይ በ6 በመቶ ቀነሰ። ነገር ግን የእነዚሁ ቤተሰቦች የመብራት ፍጆታ፣ መረጃው ካልደረሳቸው ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲነጻጸር በ5.6 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ2013 የታተመው ይህ ጥናት ሌሎቹ የማያሳዩትን ነገር ያሳያል። ጥናቱ በቤተ ሙከራ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ ቆጣሪ ያነበበው ቁጥር ነው። ማንም "ውኃ ስለቆጠብኩ መብራት ላባክን" ብሎ አልወሰነም። ነገሩ ሳይታወቅ ነው የሚሠራው።

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። በዚህ ዘርፍ የወጡ ውጤቶች ሁሉ እኩል የጸኑ አይደሉም። በ2014 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የእነ ሳችዴቫን ሙከራ ሦስት ጊዜ ደግመው ሞክረው ያንኑ ውጤት ሳያገኙ ቀርተዋል። እነዚሁ ሰዎች በዓመቱ 91 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመዝኑ ዝንባሌው መኖሩን፣ ግን እንደተባለለት ያህል ትልቅ አለመሆኑን፣ ታትመው የወጡት ጥናቶችም ካልታተሙት ይልቅ አጋንነው የማሳየት ነገር እንዳለባቸው ጽፈዋል። ይህን የምናነሳው "ሳይንስ እስልምናን አረጋገጠ" በሚል ርዕስ የሚዞሩ ጽሑፎች ስለበዙ ነው። ዲናችን በጥቂት ዶላር ሙከራ የሚጸናም የሚወድቅም አይደለም። ጥናቶቹ የሚጠቅሙን የምናውቀውን ነገር በሌላ በኩል ስለሚያሳዩን ነው።

ወደ ኋላ የተመለከተ መልካም ሥራ ብቻ አይደለም ፈቃድ የሚሰጠው። ገና ያልተሠራም ይሰጣል። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ሰዎች ወደፊት ለበጎ ሥራ እንደሚሳተፉ ከተስማሙ በኋላ አሁን ላይ የሚያሳዩት ጥንቃቄ እንደሚላላ አሳይቷል። ይህን ስናነብ ወዲያው ትዝ ያለን ሱረቱ ዩሱፍ ነው። የነብዩላህ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) ልጆች ወንድማቸውን ለማስወገድ ሲመካከሩ፣ 9ኛው አንቀጽ ላይ እንደተነገረን፣ ከዚያ በኋላ ደጋግ ሰዎች እንደሚሆኑም አብረው ተነጋግረዋል። ተውባው ከወንጀሉ በፊት ታቅዷል! ወንድማቸውን ለመጣል አቅም የሰጣቸው አንዱ ነገር ነገ ጥሩ ሰዎች እንሆናለን የሚለው ተስፋቸው ነበር ብለን ብናስብ የተሳሳትን አይመስለንም። "ሐጅ ሳደርግ አቆመዋለሁ"፣ "ረመዳን ሲገባ እተወዋለሁ" የሚለው ንግግራችን የዚሁ ዘመድ ነው። ጫት ቤት ተቀምጦም፣ የወለድ ብድር ፈርሞም፣ ጎረቤት አኩርፎም ይባላል።

እዚህ ላይ አንባቢ በትክክል ሊጠይቀን የሚችለው ጥያቄ አለ። እስልምና ራሱ መልካም ሥራ ክፉውን እንደሚያጠፋ ያስተምር የለም ወይ? ሱረቱ ሁድ 114ኛው አንቀጽ ላይ ተነግሮናል። አምስቱ ሶላቶች፣ ከጁምዓ እስከ ጁምዓ፣ ከረመዳን እስከ ረመዳን በመካከላቸው ያለውን እንደሚያብሱም በሶሒሕ ሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ እናውቃለን። ታዲያ ሰው "አስሰርዘዋለሁ" ብሎ ቢያስብ ምን ያስገርማል?

መልሱ የአንቀጹ መውረጃ ምክንያት ላይ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት አንድ ሰው ከማትፈቀድለት ሴት ጋር ከዝሙት በታች የሆነ ወንጀል ሠርቶ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። የመጣው ጥፋቱን ለመናገር ነበር። አንቀጹ የወረደው በዚህ ጊዜ ነው። ሰውየው አንቀጹን ይዞ ወደ ወንጀሉ አልሄደም፤ ከወንጀሉ ልቡ ተሰብሮ ሲመለስ ነው አንቀጹ የተቀበለው። አንድ ዓይነት ቃል ለተመላሽ ሰው መድኃኒት፣ ለሄያጅ ሰው ደግሞ ስንቅ ይሆናል። የሶሒሕ ሙስሊሙ ሐዲስም ቢሆን ከባባድ ወንጀሎች እስከተራቁ ድረስ የሚል ገደብ አብሮት አለ፤ ይህ ገደብ በየንግግራችን ለምን እንደሚዘለል አናውቅም።

ከሁሉም በላይ ግን የሰው ሐቅ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሓቦቻቸውን ከሳሪ ማለት ማን እንደሆነ ጠየቋቸው። እነሱ ገንዘብና ንብረት የሌለው ነው አሉ። ነብዩ ግን የቂያማ ቀን ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ የሚመጣን ሰው ገለጹላቸው፤ ይህ ሰው አንዱን ሰድቧል፣ ሌላውን ወንጅሏል፣ የሌላውን ገንዘብ በልቷል፣ ሌላውን መትቷል። መልካም ሥራው ለእነዚህ ሰዎች ይከፋፈላል፤ ሲያልቅበት የእነሱ ወንጀል ወደ እሱ ይዞራል። ሐዲሱን ስንሰማው ብዙውን ጊዜ ስለ ቅጣቱ ብቻ ነው የምናስበው። እኛ ልብ ያልነው ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ሶላቱንም ጾሙንም ዘካውንም አላጓደለም። በምድር ሳለ ራሱን ሲገመግም ትርፍ ላይ ያለ ነጋዴ ይመስለው ነበር ማለት ነው። የሰደበውን ሰው ሲሰድብ የዚያን ዕለት ስንት ረከዓ እንደሰገደ ያውቅ ይሆናል።

ታዲያ መልካም ሥራ ሁሉ ያዘናጋል ማለት ነው? አይደለም። አየለት ፊሽባክ እና ራቪ ዳር በ2005 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። ክብደት ለመቀነስ የሚጥሩ ሰዎች ወደ ግባቸው ጥሩ እንደተራመዱ እንዲሰማቸው ሲደረግ፣ ፖምና ቸኮሌት ሲቀርብላቸው ወደ ቸኮሌቱ ይበልጥ አዘነበሉ። "ይህን ያህል ሄጃለሁ" ያለ ሰው ማረፊያ ይፈልጋል። "ወደዚህ ነው የምሄደው" ያለ ግን መንገዱን ይቀጥላል። በ2012 የታተሙ ሁለት ጥናቶችም ከዚሁ የሚቀራረብ ነገር አሳይተዋል። አንደኛው የትናንቱን ድርጊት በዝርዝር የሚያስታውስ ሰው ለማካካስ ሲያዘነብል፣ ከራቅ ብሎ "እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ" ብሎ የሚያስበው ግን በመልካሙ እንደሚጸና ያሳያል። ሌላኛው ደግሞ ዋጋ ያስከፈለ መልካም ሥራ ሌላ መልካም ሥራ እንደሚያስከትል፣ ምንም ያላስከፈለው ግን እንዲህ እንደማያደርግ ያሳያል። በስልክ "አሚን" ብሎ መጻፍና የታመመን ሰው ሄዶ መጠየቅ ልብ ላይ አንድ ዓይነት አይቀመጡም።

በእስልምና ይህን ሁሉ የሚያጥፈው ግን ሒሳቡ በእኛ እጅ አለመሆኑ ነው። የሚሰጡትን ሲሰጡ ልቦቻቸው የሚፈሩ ሰዎች በሱረቱል ሙእሚኑን 60ኛው አንቀጽ ተወስተዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እነዚህ ሰዎች የሚሰርቁና የሚጠጡ ናቸው ወይ ብለው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቀዋል። ቲርሚዚ እንደዘገቡት መልሱ አይደለም የሚል ነበር፤ የሚጾሙ፣ የሚሰግዱና ሰደቃ የሚሰጡ ሆነው ሥራቸው ተቀባይነት እንዳያጣ የሚፈሩ ናቸው። ተቀባይነቱን የማያውቅ ሰው ሥራውን እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ቆጥሮ ሊያወጣበት አይችልም።

ተቀባይነቱ ቢረጋገጥስ? የተረጋገጠላቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እግራቸው እስኪያብጥ ሌሊቱን ይቆሙ ነበር። ያለፈውም የሚመጣውም ተምሮልዎት ሳለ ለምን ይህን ያህል ይደክማሉ ሲባሉ የመለሱት አመስጋኝ ባሪያ መሆን እንደሚሹ ነው። ምሕረቱ ፈቃድ አልሆነም፤ ውለታ ሆነ።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን፣ ወደ ጸጸት እንምጣ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ቂያማ የማለባት ራሷን ወቃሽ የሆነችው ነፍስ ናት፤ ስለዚህ ጸጸትን እንደ በሽታ ብቻ የሚያዩ የዘመኑ አማካሪዎች ጋር አንስማማም። ችግሩ ጸጸት ወዴት እንደሚወስደን ነው።

አንዱ የተሳሳተ መንገድ ተስፋ መቁረጥ ነው። ዘጠና ዘጠኝ ሰው የገደለውን ሰው ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ተውባ እንደሌለው የነገረውን መነኩሴ ገደለውና መቶ ሞላ። በሩ የተዘጋበት ሰው መቶኛውን ለመጨመር ምንም አልከበደውም። ዓሊሙ ግን በሩ ክፍት መሆኑን ነግሮ አገር እንዲለቅ፣ ደጋግ ሰዎች ወዳሉበት እንዲሄድ አዘዘው፤ ሰውየው መንገድ ላይ ሞቶ የራሕመት መላእክት ወሰዱት። በትንሹ ነገር ደግሞ፣ በ1975 የወጣ አንድ የታወቀ ሙከራ ምግብ የሚቆጥቡ ሰዎች ወፍራም የወተት መጠጥ ከጠጡ በኋላ አይስክሬም ሲቀርብላቸው ካልጠጡት ይልቅ አብዝተው እንደበሉ አሳይቷል። "አንዴ ተበላሽቷል" ነው ነገሩ። ሱብሒ ያመለጠው ልጅ ዙህርንም የሚተወው በዚሁ ሒሳብ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ልጅ "አንተማ ድሮም" እያልን ስንሰድበው እንደዚያ መነኩሴ እየሆንን መሆኑን እናስተውላለን ወይ? ጁን ታንግኒና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ከ400 በላይ እስረኞችን ከተፈቱ በኋላ ተከታትለው በ2014 እንደጻፉት፣ "መጥፎ ነገር ሠራሁ" ብሎ የሚጸጸት ሰው ወደ ወንጀል የመመለስ ዕድሉ ዝቅ ያለ ነው። "እኔ መጥፎ ነኝ" ብሎ የሚያፍረው ግን ኀፍረቱን ጥፋቱን በሌላ ላይ ለማላከክ ካዋለው ወደዚያው የመመለስ አደጋው ይጨምራል።

ሁለተኛው የተሳሳተ መንገድ ደግሞ ጨዋ ስለሚመስል ብዙ አይወራበትም። ጸጸቱን ማስታገስና የበደሉትን መካስ ለየቅል ናቸው። ኢሎና ደ ሆጌና ባልደረቦቿ በ2011 እንዳሳዩት ጥፋት የተሰማው ሰው ለበደለው ሰው ይበልጥ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከራሱ ድርሻ ቀንሶ አይደለም፤ ከሦስተኛ ሰው ድርሻ ነው። ይህን ስናነብ ብዙ ቤት ታየን። የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ለወራት ተይዞ ለመስጂድ ምንጣፍ ገንዘብ ይሰጣል። እህት የውርስ ድርሻዋን ተከልክላ በአባት ስም ሰደቃ ይወጣል። ሰጪው ውሸታም አይደለም፤ በእርግጥ ከብዶታል፤ ሰጥቶም ቀሎታል። የቀለለው ግን የእሱ ልብ ብቻ ነው።

ከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ.) እናስታውስ። ያለ ምክንያት ከተቡክ ዘመቻ ቀርተው ሌሎች ሰበብ ፈጥረው ሲምሉ እሳቸው ግን እውነቱን ተናገሩ፤ ለሃምሳ ቀናትም ተገለሉ። ተውባቸው ሲወርድ ከደስታ ብዛት ሀብታቸውን በሙሉ ሰደቃ ለማድረግ ተነሡ፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን የተወሰነውን እንዲያስቀሩ ነገሯቸው። ከዕብ ከዚያ በኋላ ለራሳቸው የያዙት ቃል ስለ ገንዘብ አልነበረም። በሕይወት እስካሉ ድረስ እውነት እንጂ ላለመናገር ነበር። ከጥፋት ያዳናቸው እውነት ነበርና በዚያው ላይ ጸኑ።

ዒድ ሲደርስ ስልኮቻችን "አውፍ በሉኝ" በሚል መልእክት ይሞላሉ። እኛም እንልካለን። አንዱ የላከው ተገልብጦ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ ስልኩ ላይ ላለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሄዳል፤ ለሁለትና ሦስት መቶ ሰው። አብዛኞቹ ምንም ያልበደልናቸው ናቸው፤ "እኔም አውፍ በለኝ" ብለው ይመልሳሉ፤ እኛም አንብበን ቀለል ይለናል። ባለፈው ዓመት ደመወዟን ሳትጨርስ ወደ አገሯ የተመለሰችው ልጅ ቁጥር ግን ስልኩ ላይ የለም። እሷን ያመጣው ደላላ ጋ ይኖር ይሆናል፤ ደላላው ደግሞ ሱቁ ቅርብ ነው።